ከቀራጭ እስከ ቀራጺ

በወንጌል ግብር ሰብሳቢው ማቴዎስ «ቀራጭ» ይባላል። ግንድ ጠርቦ ምስል የሚያወጣው ባለሙያ ደግሞ «ቀራጺ» ነው። አንዱ ከነጋዴ ኪስ ሌላው ከእንጨት ይቀንሳሉ፤ ስማቸው ግን ከአንድ ግሥ የተገኘ ነው። የግእዙ ጸ ወደ አማርኛ ሲሻገር ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናል፦ ጽፍር ጥፍር፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጽላሎት ጥላ ሆነዋል። ቀረጸም በዚሁ መንገድ ቀረጠ ሆነና ከሸቀጥ ላይ የመንግሥትን ድርሻ ቆንጥሮ ማንሣትን ያዘ። የቆረጠ ቆራጭ እንደሚባል፣ የቀረጠም ቀራጭ ተባለ። ጥበበኞቹ ግን ቃሉን ከነጸው ይዘው ቀሩ።

«ቆንጥሮ» የሚለው ቃል እዚህ የገባው በምክንያት ነው። የቀረጸን ዘመዶች በሴም ቋንቋዎች ውስጥ ብንፈልግ የምናገኘው መዶሻና መሮ ሳይሆን ሁለት ጣት ነው። በዕብራይስጥ «ቃራጽ» መቆንጠጥ፣ ቆንጥሮ ማንሣት ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 33 ኤሊሁ እርሱም ከጭቃ የተገኘ መሆኑን ሲናገር የዕብራይስጡ ጽሑፍ የሚጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው፤ ከጭቃው ተቆንጥሮ ወጣ እንደ ማለት። በዐረብኛም ግሡ «ቆነጠጠ» ማለት ሲሆን፣ «ቁርጽ» ክብ ጠፍጣፋ ዳቦ ነው። በአካድኛ «ካራጹ» ጭቃ ቆንጥሮ ማንሣት ነው፤ 3,600 ዓመት ገደማ ባስቆጠረው የአትራሐሲስ ተረክ የእናቶች አምላክ 14 ቁንጣሪ ጭቃ አንሥታ ሰዎችን ታበጃለች። እንግዲህ ግሡ በእነዚህ እኅት ቋንቋዎች የሚያውቀው ትልቁ ሥራ ሰውን መሥራት፣ መሣሪያውም የጣት ጫፍ ነው።

ለኪነ ጥበብ የምንገለገልባቸው ሌሎች ቃላት እንደ ቀረጸ ልቅ አይደሉም። ሐውልት ቁመት ይጠይቃል፤ ከአክሱም ጀምሮ የቆመና ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው። ውቅር ዐለት ይጠይቃል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውቅር የተባሉት ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው ስለወጡ ነው፤ እናቶችም ልሙጥ የሆነውን የድንጋይ ወፍጮ ይወቅሩታል። ምስል ደግሞ መምሰልን ይጠይቃል፤ ማንን ወይም ምንን እንደሚመስል ካልታወቀ ስሙ ትርጉም ያጣል። ቀረጸ ብቻ ስለ ቁሱም ስለ መጠኑም ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ እጅ ነው።

ስለዚህም ድምፅ ሳይቀር ይቀረጻል። ብዙዎች ይህን ዘይቤ ብቻ አድርገው ይወስዱታል፤ በመጀመሪያዎቹ የድምፅ መሣሪያዎች ግን ቃል በቃል እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመለሱት መልእክት ከሰም በተሠራ ሲሊንደር ላይ በስል ጫፍ ተቀርጿል። የንጉሡ ድምፅ ስል ጫፉን ሲያንቀጠቅጥ በሰሙ ላይ የተረፈው ጥቃቅን ቦይ ነው፤ ዓይን የማይለየው፣ ጆሮ ግን የሚያነበው ቅርጽ።

ዊላርድ ዊጋንም ከዚህ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ ዎልቨርሃምፕተን የተወለደው ይህ ቀራጺ ብዙዎቹን ሥራዎቹን የሚያኖረው በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ተመልካች የሚያያቸው በማይክሮስኮፕ ነው። ቁሱ የአሸዋ ቅንጣት፣ የናይለን ክር፣ ብናኝ ነው። እጁ እንዳይናወጥ በልብ ምትና በልብ ምት መካከል ይሠራል፤ የመኪና ንዝረት እንዳያውከውም ሌሊቱን ይመርጣል። ከታዋቂ ሥራዎቹ አንዷ የሆነችውን የተረቷን ልጅ አሊስን ሳያስበው በትንፋሹ ስቧት እንደቀረች ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከምንጣፍ ክር የጽንስ ምስል ቀርጾ ውስጡን በፈለፈለው በገዛ ጢሙ ጸጉር ውስጥ አስቀመጠው፤ ጽንሱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ከዚህ በላይ የ«ካራጹ» ልጅ ማን አለ?

የኤልያስ ስሜ ሥራ ግን ግሡን ይፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ፣ «ታይትሮፕ» በተባለው ተከታታይ ሥራው የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ፣ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች የወጡ ሰሌዳዎችንና የፊደል ቁልፎችን እየደረደረ ግድግዳ የሚሞላ ገጽ ያበጃል። ቁሱን ከመርካቶ ይሰበስባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሥራዎቹ ክርና የልብስ ቁልፍ በሸራ ላይ ይሰፋ ነበር። በዚህ ሁሉ ከምንም ነገር ላይ አልቀነሰም፤ የጨመረ እንጂ። ለእንዲህ ያለ እጅ የሚስማማው ግሥ «መርፌ» ውስጥ ተደብቋል። መርፌ የግእዙ «መርፍእ» ነው፤ «ረፍአ» ማለት ሰፋ፣ ጣፈ፣ ጠገነ ነው። ዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር ሐኪሙን «ሮፌ» ይላል፤ ዐረብኛም ልብስ መጣፍን ይጠራበታል። አማርኛ ግሡን ትቶ መሣሪያውን ብቻ አስቀረ፤ ሐሳቡን ግን ለ«ጠገነ» ሰጠው፤ ዛሬም የተሰበረ አጥንትና የተሰበረ ወንበር በአንድ ቃል ይጠገናሉ።

ታዲያ የኤልያስ ሥራ ቅርጻ ቅርጽ መባሉን ያጣል? አያጣም፤ መልሱ ያለው በሥሩ ሳይሆን በቃሉ አሠራር ነው። አማርኛ ስምን ሁለት ጊዜ ጠርቶ መሐሉን በ«አ» ድምፅ ሲያያይዝ ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድነት ይጠራል፦ ቅጠላ ቅጠል፣ ጌጣ ጌጥ፣ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ብረታ ብረት፣ ቁሳ ቁስ። ቅርጻ ቅርጽም የእነዚህ ወንድም ነው። ትርጉሙ አንድ የተጠረበ ድንጋይ አይደለም፤ ዓይነቱ የበዛ፣ ከየቦታው የተሰባሰበ ቅርጽ ነው። የመርካቶው ምናለሽ ተራ የቆርቆሮውንና የብረቱን ክምር በሚጠራበት ሰዋስው፣ ቤተ መዘክርም ጥበቡን ይጠራል። በተሰበረ ኮምፒውተር የተሠራ ነገር ፊት ቆሞ «ይሄ ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ ነው?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ቃሉን ራሱን ቀስ ብሎ ይጥራው፤ ስብስብነቱ እዚያው አለ።