የቶኒ የጣት ቆብ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የማወጋችሁ ስለ ሁለት ጣቶች ነው።

አገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው በርሚንግሃም። ቶኒ አዮሚ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነው። በብረታ ብረት ፋብሪካ በያጅ ሆኖ ይሠራል፤ ልቡ ግን ጊታር ላይ ነው። ከአንድ ባንድ ጋር ሊጓዝ ስለሆነ ያ ቀን የፋብሪካው የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ለምሳ ቤቱ ሲገባ «ከእንግዲህስ አልመለስም» ብሎ ነበር። እናቱ ግን ሥራን አንጠልጥሎ መተውን አልወደዱለትም፤ መለሱት።

ተመለሰ። የቀረ ሠራተኛ ነበርና በማያውቀው ማሽን ላይ አቆሙት። ማሽኑ እጁ ላይ ወረደበት። ደንግጦ ሲመነጭቅ የቀኝ እጁ የመሃልና የቀለበት ጣቶች ጫፎች እዚያው ቀሩ። እናንተዬ፣ ቶኒ ግራኝ ነው! ክሩን የሚጫነው በቀኙ ነው። ሐኪሞቹም ጊታሩን እርሳው አሉት።

አንድ ቀን የፋብሪካው አለቃ ሸክላ ይዞለት መጣ። ልጁ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ኋላ ሰማው። ጊታር የሚጫወተው ጃንጎ ራይንሃርት ነው፤ እሳት ሁለት ጣቶቹን ያሽመደመደበት ሰው። ቶኒ ተነሣ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ቆዳ አለበሰው። ወፍራሙ ክር ቢያስቸግረው ቀጫጭን የባንጆ ክሮች ገጠመ። ሙሉ ኮርድ መያዝ ቢከብደው በጥቂት ጣት የሚያዙ፣ ደረት የሚደልቁ ኮርዶችን አዘወተረ።

ከዚያ ኦዚ ኦስቦርን መጣ፤ ቄራ የሠራ፣ በስርቆት የታሰረ ዘፋኝ። ጊዘር በትለር ባሱን፣ ቢል ዋርድ ድራሙን ያዙ። ስማቸውን ከአንድ የፊልም ርእስ ወስደው ብላክ ሳባዝ ተባሉ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1969 ለንደን፣ ሪጀንት ሳውንድ ስቱዲዮ ገቡ። ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ቤይን ነው። ገንዘቡም ጊዜውም አጭር ስለነበር አራቱ እንደ መድረክ አብረው ተጫወቱ። አንድ ዘፈን እንደጨረሱ የቶኒ ጊታር ተበላሸ፤ በመጠባበቂያ ይዞት የመጣውን ሌላ ጊታር አንሥቶ ቀጠለ። ቀኑ ሳያልቅ አልበሙ ተቀድቶ አለቀ! ኋላ ላይ ዝናብ፣ ነጎድጓድና ደወል ተጨመረበትና መክፈቻው ገና ሳይዘፈን ጀርባ የሚያቀዘቅዝ ሆነ።

የወጣው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው፤ ዓርብ። እንግሊዞች 13ኛው ቀን ዓርብ ላይ ሲውል ገደ ቢስ ይሉታል። ሐያስያኑ አጣጣሉት። ወጣቱ ግን ሸክላውን ገዛው፤ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ደረሰ። ዛሬ ብዙዎች የሄቪ ሜታል መጀመሪያ የሚሉት ይህንኑ አልበም ነው።

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱም ሸምግለው በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ተገናኙ። ኦዚ መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀን በኋላም አረፈ። የዚያን ምሽት ከተጫወቷቸው አራት ዘፈኖች አንዱ «ኤን አይ ቢ» ነበር፤ በዚያች በአንዲት ቀን የተቀዳ። ቶኒም የተጫወተው ሁለቱ ጣቶቹ ላይ ቆቦቹን አጥልቆ ነበር።