የቬርሳይ ወለልና የእናቴ ባልዲ

ባለፈው ዓመት እናቴ ሳሎናችን ውስጥ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ዳሌዋን እግዜር አተረፈው፣ እጇ ግን ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ «ሴራሚኩ ይነሳ፣ እንጨት ይሁን» ብለን ተስማማን። ግን እንዴት ይደርደር? አናጺው ስልኩን አውጥቶ ሦስት ፎቶ አሳየኝ፤ አንዱ ረጃጅም ጣውላ ቀጥ ብሎ የተነጠፈበት፣ አንዱ እንደ ዓሣ አጥንት የተሰካካ፣ ሦስተኛው ካሬ ካሬ ሆኖ የተጠላለፈ። «ቲቸር የወደድከውን ምረጥ፣ ሁሉም ጌጥ ነው» አለኝ።

ጌጥ ብቻ ነው እንዴ? በሽታዬን ታውቁታላችሁ፣ ማንበብ ጀመርኩ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሉዊ 14ኛን ታስታውሱታላችሁ። ስለ ጦርነቱና ስለ ግብሩ ነው ያስተማርኳችሁ፣ ስለ ወለሉ አንድም ቀን አላነሳሁም። ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ እብነ በረድ የተነጠፈባቸው ክፍሎች ነበሩ። እብነ በረድ ደግሞ ይታጠባል። ውሃው በየመጋጠሚያው እየሰረገ ከሥር የተሸከሙትን የእንጨት አግዳሚዎች ያበሰብሳቸው ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1684 እብነ በረዱ እየተነሳ በፓርኬ ተተካ። እስቲ አስቡት፣ «የፀሐይ ንጉሥ» የተባለው ሰውዬ በባልዲ ውሃ ተሸነፈ!

ያ ፓርኬ ረጅም ጣውላ አልነበረም። የኦክ እንጨት አጫጭር እየተቆረጠ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ እየተሰካ፣ በትልልቅ ካሬ ውስጥ በሰያፍ የተጠላለፈ ነው። ዛሬም በቤተ መንግሥቱ ስም ይጠራል።

ለምን ይቆራረጣል? እንጨት ተቆርጦም አያርፍም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ። ጣውላው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተነጠፈ የሁሉም እብጠት ተደምሮ ግድግዳውን ይገፋል። ይኼን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት መኝታ ቤቴን ቀጥ ባለ ጣውላ አስነጠፍኩ፣ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ሳላስተርፍ። ክረምት ሲገባ መሃሉ ተነስቶ የተቆጣ ድመት ጀርባ መሰለ። ብሩም እዚያው ቀረ።

እንደ ዓሣ አጥንት የሚሰካካው ግን ግፊቱን በሁለት አቅጣጫ ይበትነዋል፤ የአንዱ ጫፍ የሌላውን ጎን ይይዛል። ዘዴው ከፓርኬ ይቀድማል። ሮማውያን ጡብ እንዲህ ያነጥፉ ነበር። ብሩኔሌስኪም እ.ኤ.አ. ከ1420 እስከ 1436 የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት ሲሠራ ጡቡን በዚሁ አደራደር አሰካካው፣ ጭቃው ሳይደርቅ እንዳይንሸራተት።

እናም ለሳሎኑ የዓሣ አጥንቱን መረጥኩ። የቬርሳዩ ያምራል፣ ግን ለእኔ ደሞዝ አይደለም። የዓሣ አጥንቱም ቢሆን ግድግዳ ጥግ ብዙ ቁርጥራጭ ያስወጣል፣ አናጺው ተጨማሪ እንጨት አስገዝቶኛል። በዙሪያው ክፍተት እንዲተው አጥብቄ ነግሬዋለሁ። ኩሽናው ሴራሚክ እንደሆነ ይቆያል፣ ምንጣፍ ጣል እናደርግበታለን።

የቀረው ትልቁ ድርድር ከእናቴ ጋር ነው። የትኛውም አደራደር በየቀኑ የሚደፋ ውሃ አይችልም። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልወል ብዬ ለመንኳት። «ያልታጠበ ወለል ላይማ ቡና አላፈላም» ብላለች። ሥራው ማክሰኞ ይጀመራል፣ ባልዲው ግን እስካሁን በእሷ እጅ ነው።