የዓድዋው ዘማች ልብስ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን እንዳለፈ ገፈርሳ ይደርሳል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለዋና ከተማዋ ውሃ ሲያቀርብ የኖረው ግድብም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በግድቡ ዳር ጎሽ የሚያይ መንገደኛ የለም፤ ስሙ ግን አለ። የጎሽ ቆዳ ደግሞ ለቀድሞው ተዋጊ ጋሻ ነበር። ነገሩ ጠፍቶ ስሙ ምስክር ሆኖ እንደሚቀር ሁሉ፣ ሰውም ሲያልፍ ልብሱ ምስክር ሆኖ ይቀራል። ልብሱ በሐሰት ከተሰፋ ግን ምስክርነቱም የሐሰት ይሆናል።

ይህን ማንሣት የሚያስፈልገው የካቲት 23 ቀን በየዓመቱ የዓድዋ ድል ሲታሰብ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ተማሪዎች፣ ተዋንያንና ልዩ ልዩ ማኅበራት የ1888 ዓ.ም. ዘማች መስለው አደባባይ ይወጣሉ፤ የዘመቻውንም ሁኔታ በትርኢት ያሳያሉ። ተግባሩ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ልብስ ሰፊው መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሚሰፋው የማን ልብስ ነው? የሚለው ነው።

በአደባባይ ከሚታየው ብንነሣ፣ ዘማቹ ሁሉ ጎፈር ደፍቶ፣ ባለ ወርቅ ዘቦ ካባ ደርቦ ይታያል። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ፣ በጦር ሜዳ ወይም በአደን ጀብዱ የፈጸመ ሰው የሚለየው የክብር ምልክት ነበር። ለምድና ካባም እንደዚሁ ከንጉሥ ወይም ከታላቅ ሹም እጅ የሚገኙ የማዕረግ ልብሶች ነበሩ። የክብር ልብስ ክብርነቱ ጥቂቶች ስለሚለብሱት ነው። በአንድ ትርኢት ላይ መቶ ሰው ቢሰለፍና መቶውም ጎፈር ቢደፋ፣ መኳንንቱ በዝተው ወታደሩ ጠፋ ማለት ነው። በዓድዋ የተሰለፈው ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ግን አብዛኛው ከእርሻው የመጣ ባላገር ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የዘመን ነው። ከጭኑ ሰፍቶ ከባቱ የሚጠብቀው ተፈሪ ሱሪ ለዓድዋ ትርኢት ሲሰፋ ይታያል። ስሙ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። ራስ ተፈሪ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነውና፣ አባታቸው ራስ መኰንን በዓድዋ ጦር ሲመሩ እርሳቸው አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። የካኪ ልብስም ቢሆን የሚያስታውሰው የ1928ቱን የክብር ዘበኛና ከዚያ በኋላ በዱር በገደል አምስት ዓመት የታገለውን አርበኛ ነው። የአርበኛው ልብስ የራሱ ታላቅ ታሪክ አለው፤ የአባቱን ታሪክ ሊሸፍንበት ግን አይገባም።

ታዲያ አብዛኛው ዘማች ምን ለበሰ? መልሱ ባጭሩ ጥጥ ነው። ከጉልበት በታች፣ ባቱ ላይ የሚያበቃ ሱሪ፣ ከላዩ ሸማ፣ ወገቡ ላይ ድግ፤ ጠመንጃ ያለው ደግሞ ከቆዳ የተሠራ ዝናር። ሱሪው ከአገር ሸማ ወይም በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ በብዛት ይገባ ከነበረው አቡጀዲ ይሰፋ ነበር። ሸማው ግን የቤት ሥራ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያ ሸማኔው ድሩን ከማጉ አጋጥሞ ይሠራዋል። የእጅ ፈትል አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ቦታ ይቀጥናል። ይህ ወጣ ገባነት ጉድለት ሳይሆን የእጅ ምልክት ነው።

ልብስ ሰፊው ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ምልክት አለ። የሸማኔው እቃ ስፋት የሚወሰነው መወርወሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው በሚያቀብለው ሰው ክንድ ነው። ስለዚህ ሰፊ ሸማ የሚገኘው ሁለቱ ስንጥቅ ጎን ለጎን በመርፌ ሲጋጠሙ ነው። በመካከሉ የሚወርደው የስፌት መስመር የአገር ሸማ መታወቂያ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ሰፊ ጨርቅ ያለ ስፌት ቢለበስ ከሩቅ ያምራል፤ ከቅርብ ግን ያጋልጣል። የጥለቱ ነገርም እንደዚሁ ነው። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የክብር ሸማ ነበርና ለተራው ዘማች ሁሉ አይታደልም። በልዩ ልዩ ቀለም የታተመው የዛሬው ጥለት ደግሞ ከናካቴው የዚያ ዘመን አይደለም።

የልብሱ ዕድሜም አይዘነጋ። ከሸዋ የተነሣው ጦር በጥቅምት ወጥቶ ዓድዋ ላይ የተዋጋው በየካቲት መጨረሻ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሸማው ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ሲያስፈልግም የቁስል መጠቅለያ ሆኖ ነበር። በመሆኑም ከሱቅ እንደወጣ የሚያበራ ነጭ ልብስ ለዚህ ሰው አይሆንም። የዘመኑ ሳሙና እንዶድ ነበር። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዚያው በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያን መከላከያ ለማግኘት የበቁት፣ ይህ ልማድ እስከዚያ ዘመን ድረስ ስለቆየ ነው።

እግሩስ? አብዛኛው ዘማች ባዶ እግሩን ነበር። ከጦሩ ጋር የተሰለፈው ፈረሰኛም ቢሆን እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነበርና ጫማ ለእርሱ እንቅፋት ነው። የዛሬው ተዋናይ እግሩን ለመጠበቅ ጫማ ማድረጉ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ባዶ እግርን እንደ ነውር ቆጥሮ መሸፈን ሌላ ነገር ነው። ያ ባዶ እግር የረገጠው የመንገድ ርዝመት ራሱ የድሉ አካል ነው።

ከሁሉ ይልቅ በትርኢቱ የሚጎድሉት ሴቶች ናቸው። ሲታዩም በጥልፍ ያጌጠ የሰርግ ቀሚስ ለብሰው ዳር ቆመው እልል ይላሉ። የሰፈሩ ሴት ግን ስንቅ ፈጭታለች፣ ጋግራለች፣ ጭነት ተሸክማለች። በጥር 1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ የተፈታው በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ስለተያዘበት ነው፤ በዓድዋም ዕለት እቴጌይቱ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያቀረቡት ሴቶችን አሰልፈው ነው። የዚህች ሴት ልብስ የሚሰፋው ለሥራ ነው፤ ጥልፍ የሌለው የጥጥ ቀሚስ፣ ወገብ የሚያጠብቅ መቀነት፣ ከጀርባ እንስራ።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃ ከየት ይገኛል? በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የዘመኑን አልባሳትና ጋሻዎች በዓይን ለማየት ያስችላል። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩ የቤተ ክርስቲያንና የጨርቅ ላይ ሥዕሎችም ምስክሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሠዓሊው ወገኑን በሙሉ ፊት፣ ጠላቱን በጎን የሚስልበት የራሱ ሕግ እንዳለው ማወቅ ያሻል። አንዳንዱ ማስረጃ ደግሞ ከአገር ውጭ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተዘረፈው ንብረት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ባለ ሐር ጥልፍ የጥጥ ቀሚስ ዛሬም ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። የእቴጌይቱ ቀሚስ በመስታወት ውስጥ ተጠብቆ ኖረ። የዘማቹ ሸማ ግን በላዩ አልቆ፣ ወይም ለሬሳ መገነዣ ሆኖ ዓድዋ አፈር ውስጥ ቀረ። ሙዚየም የሚያስቀምጠው የባለጸጋውን ልብስ ነውና፣ የድኻውን ልብስ መልሶ መስፋት የመርፌው ኃላፊነት ነው።

እንግዲህ መምህሩም፣ የትርኢቱ አዘጋጅም፣ ልብስ ሰፊውም በአንድ ነገር ቢስማሙ መልካም ነው። ለአንድ ባለ ጎፈር ብዙ ባለ ሸማ ይሰለፍ። ጋሻው ከቆርቆሮ ቢሠራ እንኳ ቅርጹና መጠኑ የጎሹን ቆዳ ያስታውስ። ባዶ እግሩም፣ እንስራ ያዘለችውም ከመካከል ይቁሙ። ይህ በጀት የሚያበዛ ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም ከካባ ይልቅ ሸማ ይረክሳል። ከገፈርሳ ጎሹ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። ለዓድዋው ባላገር ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ እንኳ አልተጻፈለትም፤ የቀረለት ልብሱ ብቻ ነውና፣ እርሱንም በሌላ ሰው ካባ አንቀይርበት።