«ገና ጠቅላላ ነው»

ልጁ በሕክምና የተመረቀ ቤተሰብ ዘንድ ሄዳችሁ «ዶክተሩ እንዴት ነው?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «ደኅና ነው፤ ገና ጠቅላላ ነው» የሚል ነው። እዚህ «ገና» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። ስድስትና ሰባት ዓመት የተማረ፣ ሌሊት ብቻውን የወረዳ ሆስፒታል ይዞ የሚያድር፣ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ጥገና የሚያዋልድ ሰው ለዘመዱም ለመንግሥትም ለራሱም «ገና» ነው። ጠቅላላ ሐኪምነት እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ ስፔሻሊቲ እስኪገኝ የሚጠበቅበት ወንበር ሆኗል። ይህ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከእሪ በከንቱ እንነሳ። የሰፈሩ ስም ትርጉም ግልጽ ነው፤ ብትጮህም የሚደርስልህ የለም ማለት ነው። ዘራፊና ጅብ የሚፈራበት ገደላ ገደል ስለነበረ ነው ይባላል። ስሙን ለሕክምና ያወጡት አይመስለኝም እንጂ ለዚያ ዘመን ሕሙማንም ያን ያህል አይርቅም። ከዓድዋ ድል በኋላ በዚያው በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኛ ማከም ጀመረ፤ ሥራው ወደ ሆስፒታልነት አድጎ ጥቂት ዓመታት ቆየ። እሱ ሲዘጋ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተካ። በራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመን ደግሞ ዛሬ የካቲት 12 የምንለው ቤተ ሳይዳ በስዊድናዊው ዶክተር ሃነር መሪነት ሥራ ጀመረ። አራዳ ከላይም ከጎንም ሆስፒታል ነበረው። ሐኪሞቹ ግን ከሞላ ጎደል የውጭ ሰዎች ነበሩ። ብቸኛው ስመ ጥር ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ ሕክምናውንም ላሆር የተማሩ ናቸው።

ታዲያ የሰፈሩ ሰው ሲታመም ማን ጋ ይሄድ ነበር? ወጌሻ፣ አዋላጅ፣ ደብተራ ጋ፤ ቆየት ብሎም ድሬሰር ጋ። ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ሥልጠናው ሥርዓት ነበረው። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ፣ እጁን በእጃቸው ላይ አድርጎ ዓመታት ያሳልፋል። ብቻውን የተሰበረ እጅ የሚነካው የታወቀ ሰው «እሱ ይችላል» ሲልለት ነው። ይህን ያህል እንኳ ለዛሬው አዲስ ተመራቂ አናደርግለትም።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ አገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1954 መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖች ተባብረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈቱ። የታሰበው ቀላልና ብልህ ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅ፣ ጤና ጣቢያ ላይ ለመሥራት ተብሎ የሚሠለጥን ሰው እናፍራ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው 50,000 ሰው የሚያገለግል ጤና ጣቢያ ይይዛሉ ተባለ። ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን አሠለጣጠኑ ነው። ተማሪዎቹ ወደፊት አብረው እንደሚሠሩት ሆነው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ምንጩን ያያሉ፣ ሽንት ቤቱን ያያሉ፣ ልጁን ያክማሉ፣ የእናቲቱን ቤት ያውቃሉ። አስተማሪውም እዚያው አለ። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ የተከፈተ ኮሌጅ ስለሆነ በሽታ ከመንደሩ ተነጥሎ እንደማይታከም ያውቁ ነበር።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ራሷ ይህ አልነበራትም። ማንኛውም የተመዘገበ ሐኪም ጠረጴዛ አስገብቶ የሰፈር ሐኪም መሆን ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ኮሊንግስ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም የእንግሊዝን የሰፈር ሕክምና ዞሮ አይቶ ያየውን ጉድ በላንሴት መጽሔት ሲያወጣ ብዙዎች ደነገጡ። የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1952 ተመሠረተ፤ ሕጉ በ1976 ወጣ፤ የሦስት ዓመት ሥልጠናው ግዴታ የሆነው በ1982 ነው። አንዱ ዓመት በልምድ አሠልጣኝ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ፣ በእሱ ዓይን ሥር ያልፍ ነበር። ይህ ሁሉ ሰላሳ ዓመት ፈጀባቸው። የጎንደሩ ሐሳብ በጊዜው ወደ ኋላ የቀረ አልነበረም ለማለት ነው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ ትምህርቱ በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ ሆነ፣ ክብሩም ወደዚያ ሄደ። በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር ራሱ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሐኪም ትምህርት ቤት ሆነ። የጤና መኮንን ሥልጠናም ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። ሐኪም ማፍራቱ ትክክል ነበር፣ አልከራከርም። የጠፋው ሰውየው ለሚሠራበት ቦታ ተብሎ መሠልጠኑ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ጊዜ 13 ተቋማት በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሐኪም ማሠልጠን ጀመሩ። ቁጥሩ ጨመረ። ተመራቂው ወረዳ ሲደርስ ግን በልምድ የሚበልጠው ሐኪም ላያገኝ ይችላል፤ ያለው ስልክና ሪፈር ወረቀት ነው።

በ2013 (አሁንም እንደ አውሮፓ) አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶና ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የቤተሰብ ሕክምና የሚባል የሦስት ዓመት ሥልጠና ጀመረ። ሕፃኑንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ ስኳር ያለባቸውን አያትም አንድ ሐኪም ለዓመታት እንዲከታተል የሚያዘጋጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2016 ወጡ። ሕዝቡ ስማቸውን በቅጡ አያውቀውም። «የምን ስፔሻሊስት ነህ?» ሲባሉ «የቤተሰብ» ብለው የሚያስረዱበት ትዕግሥት ያስቀናል። ማንን ይተካሉ፣ የት ይመደባሉ፣ ከጠቅላላ ሐኪሙና ከጤና መኮንኑ ጋር እንዴት ይሠራሉ የሚለው የሚፈታው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ በመደብና በደመወዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የሰማነው የኑሮ ጩኸትም ከዚህ አይለይም። መኖር ያልቻለ ሐኪም አንድ ሰፈር ዐሥር ዓመት ይቆያል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው።

የቤተሰብ ሕክምና ግን የሚቆመው በመቆየት ላይ ነው። እዚህ ላይ ፒያሳ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የአራዳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ስለ ቤቱ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ ታሪኩ ብዙ ተጻፈ። ስለ ካርዱ ግን ማንም አልጻፈም። ለዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነርሷ በስማቸው የምትጠራቸው እማማ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄዱ ታሪካቸውን ከዜሮ ይጀምራሉ። አዲሱ ሰፈር ላይ ጤና ጣቢያ ቢኖር እንኳ የሚቀበላቸው በሁለት ዓመቱ ለስፔሻሊቲ የሚሄድ ልጅ ነው፤ በሄደም አልፈርድበትም። ስለዚህ ጎረቤት ይጠሩና ታክሲ ተሳፍረው ጥቁር አንበሳ ይሄዳሉ፤ ለሃያ ደቂቃ ጉዳይ ቀኑን ሙሉ ተራ ይጠብቃሉ።

ለአዲስ ሰፈሮች የጤና ጣቢያ ሕንጻ ሲታቀድ አብሮ ሊታቀድ የሚችል ነገር አለ። በያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ቢያንስ አንዱን ጤና ጣቢያ ማሠልጠኛ ማድረግ፤ አንድ የቤተሰብ ሐኪም በአሠልጣኝነት ማስቀመጥና ለማሠልጠኑም መክፈል፤ አዲስ ተመራቂውን ወደ ወረዳ ከመላክ በፊት አንድ ዓመት ከጎኑ ማስቀመጥ። ሕንጻው ካለ ወጪው የሰው ደመወዝ ነው። የጤና ሚኒስቴርም የአዲስ አበባ ጤና ቢሮም ይህን ለመጀመር ከውጭ የሚያስመጡት ማሽን የለም።