የበርበሬው ቅጠልና የአገና እንሰት

አገናን የሚያውቅ ሰው የእንሰቱን ጓሮ ያውቃል። ቆጮውና ቡላው፣ ለማሰሪያ ቃጫው፣ ለከብቱ ቅጠሉ ከዚያው ነው። ታዲያ አጠውልግ የሚባለው በሽታ እዚህ ጓሮ የገባ እንደሆነ የሚደርቀው አንድ ተክል ብቻ አይደለም፤ ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ በዓመታት ያደገ የቤተሰብ ቀለብ ነው።

ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ በወረራው ዘመን፣ በ1939፣ ስለ እንሰት መበስበስ ጽፎ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መንስኤውን ለይተው ስም የሰጡት ግን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ በ1968። ዛንቶሞናስ ከሚባለው ወገን የሆነ ባክቴሪያ ነው። በ1974 ሁለቱ ሰዎች ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠወልግ አሳወቁ። በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ሲገኝ ነገሩ የጎረቤቶቻችንም ጭንቅ ሆነ።

ተክል ሮጦ አያመልጥ፤ በምን ይከላከላል? አሜሪካዊው ስታክማን በ1915 የእህልን ዋግ ሲያጠና፣ በጠንካራው ዝርያ ላይ ዋጉ የነካቸው ሕዋሳት ቶሎ እንደሚሞቱ ጻፈ። ዋጉ የሚኖረው በሕያው ሕዋስ ነውና አብሮ ይቀራል። መቼም ጭካኔ ይመስላል፤ ጥቂት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ተክሉ ይተርፋል። ግን እኮ እያንዳንዱ ሕዋስ መሞቻውን ይዞ የሚኖር ከሆነ፣ በደህናው ቀን ምን ከለከለው? የሚገድለው ፕሮቲን ያለጊዜው ቢመረት ተክሉ በገዛ እጁ ያልቃል።

ለዚህ ጥያቄ ግሩም መልስ የተገኘው በ2007 ከበርበሬ ነው፤ ከቡታጅራ ወዲያ ማረቆ ከሚታወቅበት ከዚያው ተክል። በርበሬንም የሚያጠቃ ሌላ ዛንቶሞናስ አለ። ይህ ባክቴሪያ በመርፌ እንደሚወጋ ሰው አንድ ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ያስገባል። ፕሮቲኑ ኒውክሊየስ ገብቶ በዲኤንኤው ላይ የሚያውቀውን ቦታ ፈልጎ ይቀመጥና ለባክቴሪያው የሚጠቅሙትን ጂኖች ያሠራቸዋል፤ ሕዋሱም ያብጣል። ጠንካራው በርበሬ ግን ቢኤስ 3 የሚባል ጂን አለው፤ ከፊቱ ያለው ቦታ ባክቴሪያው የሚፈልገውን ዓይነት ነው። ባክቴሪያው የራሱን ሲሳይ የከፈተ መስሎት ይህንንም ይከፍታል። ያን ጊዜ ገዳዩ ፕሮቲን ይመረታል፣ ሕዋሱ ይሞታል፣ ባክቴሪያውም ወጥመድ ውስጥ ይቀራል። ባክቴሪያው ካልመጣ ጂኑ ዝም ይላል።

ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፦ በበሽታው የሚሸነፈው በርበሬም የዚሁ ጂን አቻ አለው። ልዩነቱን ያመጣው ከጂኑ ፊት ባለው መክፈቻ ውስጥ የተጨመሩ 13 የዲኤንኤ ፊደላት ናቸው። በእነሱ ምክንያት ባክቴሪያው የላከው ፕሮቲን ቦታውን ስለሚያጣ ጂኑ ተዘግቶ ይቀራል። መርዙ እያለ መክፈቻው ጠፋ ማለት ነው።

በ2010 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ከጣፋጭ በርበሬ ሌላ ጂን፣ ይህንኑ የሕዋስ ሞት የሚያፋጥን፣ ወስደው ሙዝ ውስጥ እንዳስገቡ አስታወቁ፤ ከተሞከሩት አብዛኞቹ የአጠውልግ ምልክት አላሳዩም። ሙዝ የእንሰት የሥጋ ዘመድ ነው። በእንሰት በኩል አንዳንዱ ዝርያ ከሌላው ሻል ብሎ ይችለዋል እንጂ ፈጽሞ የማይነካ አልተገኘም። ስለዚህ ገበሬው የታመመውን ነቅሎ ይቀብራል፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲያልፍም ቢላውን በእሳት ይለበልባል።