የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በእኛ ሰፈር

ስለ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልጽፍ የተነሣሁት በመድረክ ላይ አይቼው አይደለም፡፡ አዲስ አበባ ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለቴአትር ብሎ ያን ያህል የሚሄድ ከመካከላችን ማን ነበር? ቴሌቪዥንም በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ቢጀመር ወደ እኛ ሰፈር የመጣው ብዙ ዘግይቶ ነው፡፡ ወጋየሁን ያወቅነው በሬዲዮ ነው፡፡

በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በእርሱ አንባቢነት አሰማን፡፡ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፡፡ በሰፈራችን ያነበበው ሰው በጣት ይቈጠር ነበር፤ የሰማው ግን ሁሉም ነው፡፡ ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፡፡ የሬዲዮው ድንጋይ ማታ እንዳይደክም ቀን ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ይውላል፡፡ አማርኛው ለከበዳቸው አንዱ በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ያቀብላል፤ ሲያረዝመው ጊዜ «ዝም በል፣ አመለጠን!» መባሉም አልቀረም፡፡

ወጋየሁ የሁሉንም ሰው ቃል ብቻውን ነበር የሚናገረው፡፡ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይከብዳል፣ ይኰራል፤ በጉዱ ካሣ ቃል ነገር ይወጋል፤ ሰብለ ወንጌል ዘንድ ሲደርስ ይለዝባል፡፡ እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ፊታውራሪን መቀለጃ አለማድረጉ ነው፡፡ በዚያ ዘመን ባላባት ላይ መቀለድ ቀላል ነበር፤ እርሱ ግን ሰውዬውን ከነክብሩ አቆመው፡፡

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጭሰኛ ነበሩ፡፡ የፊታውራሪን ድምፅ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር፡፡ ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪን የያዙ ለት ቤቱ በሳቅ ሲሞላ እርሳቸው ብቻ አልሳቁም፡፡ «አዋረዱት እኮ» አሉና ዝም አሉ፡፡ የስንት ዓመት በደል የቻሉ ሰው ለፊታውራሪ ሲያዝኑ አየን፤ ይህን ያደረገ የወጋየሁ ድምፅ ነው፡፡

ያን ሁሉ ሰው የሚናገረው አንድ ሰው ነው ብንላቸው ግን አላመኑንም፡፡ በ1982 ዓ.ም. ወጋየሁ ማረፉን ስንነግራቸው፣ «የትኛው? ፊታውራሪው ነው ጉዱ ካሣ?» ብለው ጠየቁን፡፡