በሐረር ጁጎል ውስጥ ያለው የተፈሪ ቤት ዜና

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚጠራውን፣ በሐረር ጁጎል ውስጥ የቆመውን ቤት ዜና እንጽፋለን። የራስ መኰንን ልጅ ያደሩበት ቤት ነገሩ ሊዘነጋ አይገባምና።

በ1879 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በጨለንቆ ድል ካደረጉ በኋላ ሐረር ለመኰንን ተሰጠ። የከተማው ሰው በዚያ ቀን ያለቀሰውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። መኰንን ግን አገር ማስተዳደር የሚያውቁ፣ ነጋዴ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ዐረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም በጥላቸው ሥር ነገደ። ይህን ቤት ያሠራው ከነዚያ ከሕንድ ነጋዴዎች አንዱ ነው።

የሐረር ሰው ቤት ከድንጋይና ከጭቃ ይሠራል፤ ጣሪያው ደልዳላ ነው፤ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል፣ ለመንገደኛ የሚያሳየው ግድግዳውን ብቻ ነው። በውስጡም ቀይ የተቀባ መደብ በደረጃ ከፍ ከፍ ይላል። ሕንዱ ግን ቤቱን ወደ ላይ አነሣው፤ እንጨቱን አስጠረበ፣ ሰገነት አወጣለት፣ ፊቱን ለመንገድ ከፈተው። ከበሩም በላይ የዝሆን ራስ ያለውን የአገሩን አምላክ ጋኔሻን አስቀረጸ። ክርስቲያኑ መስፍን ተፈሪ በዚህ በር ሲገቡና ሲወጡ ቅርጹን አላስፈለጡትም፤ የሰውን እጅ ሥራ ማክበር ከአባታቸው የወረሱት ነው።

በ1902 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ የአባታቸውን አገር ተሾሙ፤ 18 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. በቁልቢ ካረፉ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ የነበረው የአባታቸው አሽከር ሁሉ ቀና አለ። በሐምሌ 1903 ዓ.ም. የራስ ሚካኤልን የልጅ ልጅ ወይዘሮ መነን አስፋውን አገቡ። ወይዘሮዋ አስቀድሞ የነበሩበትን ትዳር ማንሣት የእኛ ሥራ አይደለም። የጫጉላቸውን ጊዜ በዚህ ቤት እንዳሳለፉ ሐረር እስከ ዛሬ ይናገራል። በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ታንኳ ሰጥማ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ሲሞቱ ተፈሪ ተረፉ፤ ለታላቅ ነገር የታጨውን ውሃ አይወስደውም። ሐምሌ 20 ቀን 1908 ዓ.ም. በዚያው በሐረር ልጃቸው አስፋ ወሰን ተወለዱ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሐረርን ከሰማይ በቦምብ ደበደበ፤ ቤቱ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመ። ኋላም ብዙ ቤተሰብ ክፍሎቹን ተከፋፍሎ ገባበት፤ የባህል ሐኪምም በሽተኛ ተቀበለበት። መስፍን ያደረበት ቤት ለድሀ መጠጊያ ቢሆን ተዋረደ አንልም፤ ጠጋኝ አጥቶ እንጨቱ ማርጀቱ ግን ያሳዝናል።

ጁጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በነዚያ ዓመታት ቤቱ ታድሶ ለአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ተሰጠ። እኒህ ሰው በገዛ ጥረታቸው የሐረርን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች የሰበሰቡ ናቸው፤ ዋጋቸውን ፈጣሪ ይክፈላቸው። የተቀደደው ቅጠል ይጠገናል፣ ድጉሱ የላላው መጽሐፍ በቆዳ እንደገና ይደጎሳል። ያ ሥራ የሚሠራው ጋኔሻ ከበሩ በላይ በተቀረጸበት በዚሁ ቤት ነው፤ ከሚጠገኑትም መጻሕፍት ብዙዎቹ ቁርኣን ናቸው።